አስርዮሽን ወደ ተቃለለ ክፍልፋይ መለወጥ

በአስርዮሽ ቁጥር ከነጥቡ በስተቀኝ ያሉት አኃዞች አሥረኛን፣ መቶኛንና ሺኛን ስለሚወክሉ፣ ከነጥቡ በኋላ ሦስት አኃዞች ያሉት 0.375 በክፍልፋይ 375/1000 ተብሎ ይጻፋል። ክፍልፋዩ የሚቃለለው ላዕሉ፣ ማለትም የላይኛው ቁጥር፣ እና ታሕቱ፣ ማለትም የታችኛው፣ ሁለቱንም ያለ ቀሪ በሚያካፍለው ትልቁ የጋራ አካፋይ ሲካፈሉ ነው። ይህን አካፋይ ለማግኘት በጥንታዊው ግሪካዊ ሊቅ በዩክሊድ ስልት 1000 ለ375 ሲካፈል 250፣ 375 ለ250 ሲካፈል 125 ይቀራል፤ 250 ለ125 ሲካፈል ግን ቀሪ ስለማይኖር አካፋዩ 125፣ ውጤቱም 3/8 ይሆናል። እንደ 0.3636… ያለ ማብቂያ የሌለው ተደጋጋሚ አስርዮሽ ሲያጋጥም ደግሞ፣ ቁጥሩ በ100 ተባዝቶ ከሚገኘው 36.3636… ላይ ራሱ ቁጥሩ ሲቀነስ ተደጋጋሚው ክፍል ስለሚጠፋ፣ የቁጥሩ 99 እጥፍ 36 መሆኑ ይታወቃል፤ 36/99ም ላዕሉና ታሕቱ ለ9 ሲካፈሉ 4/11 ይሆናል።