በራሳቸው ገንዘብ፣ በገዙት መኪና

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 1958 ቦነስ አይረስ ላይ ለአርጀንቲና ግራንድ ፕሪ የተሰለፉት መኪኖች አሥር ብቻ ነበሩ። ከአሥሩ አንዷ ከሌሎቹ ጎን ስትታይ የልጅ መጫወቻ ትመስላለች። ጥቁር ሰማያዊ ተቀብታ አፍንጫዋ ላይ ነጭ ቀለበት የተሣለባት ኩፐር ናት። ሞተሯ ከነጂው ጀርባ ተቀምጧል፤ ያውም ሁለት ሊትር የማይሞላ። የፌራሪና የማዜራቲ መኪኖች ግን ሞተራቸው ከፊት፣ ጉልበታቸውም ከእሷ የላቀ ነበር።

ነጂው እንግሊዛዊው ስተርሊንግ ሞስ ነው። የእሱ ጭንቀት ጎማ ነበር። የኩፐሯ ቸርኬ በአራት ብሎን ስለሚታሰር፣ እንደ ተፎካካሪዎቿ አንድ ዳዶ ፈትቶ ቶሎ መቀየር አይቻልም። ለጎማ ከቆመች ውድድሩ ለእሷ አበቃ ማለት ነው። ስለዚህ ሞስና መካኒኩ አልፍ ፍራንሲስ ዘዴ ዘየዱ። ፍራንሲስ ትርፍ ጎማዎቹን አውጥቶ ደረደረ፤ ሊቀይር እንደተዘጋጀ ሰው ሽር ጉድ ማለት ያዘ። ፌራሪዎች መቆሙ አይቀርም ብለው ሳይቸኩሉ ቀሩ። ሞስ ግን አልቆመም። ጎማው አልቆ ክሩ ወጥቶ፣ የፌራሪው ሉዊጂ ሙሶ ከኋላው እየገሰገሰ፣ በ2.7 ሰከንድ ቀድሞ ገባ።

ሞተሯ ከነጂው ኋላ የሆነ መኪና የዓለም ሻምፒዮና ውድድር ስታሸንፍ ያ የመጀመሪያው ነበር። ለዚያ ዘመን ናፋቂዎች ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ነገር አለ። ያሸነፈው ቡድን መኪናዋን አልሠራትም፤ ገዝቷት ነው የመጣው።

የመኪናዋ ባለቤት ሮብ ዎከር ይባላል። የጆኒ ዎከር ውስኪ ቤተሰብ ወራሽ ነው። በፓስፖርቱ ላይ ሥራ በሚለው ቦታ የተጻፈው «ጨዋ ሰው» የሚል ብቻ ነበር። በ1939 ለ ማን ላይ በሚካሄደው የ24 ሰዓት ውድድር ደላሄ መኪና ነድቶ ስምንተኛ ወጥቷል። ሲያገባ ግን ውድድር እንደሚተው ለሚስቱ ቃል ገባ። ቃሉን ጠበቀ፤ ፍቅሩ ግን አልወጣለትም። ስለዚህ መኪና እየገዛ፣ ነጂና መካኒክ እየቀጠረ፣ ከለንደን ደቡብ ዶርኪንግ በምትባል ከተማ ካለው ጋራዡ ተነሥቶ ከታላላቆቹ ፋብሪካዎች ጋር መፎካከር ጀመረ። የመኪኖቹ ሰማያዊና ነጭ የስኮትላንድ ቀለም ነው።

የዎከር ቡድን በዓለም ሻምፒዮና ዘጠኝ ጊዜ አሸንፏል። ሎተስ የሚባለው መኪና እንኳ በፎርሙላ ዋን የመጀመሪያ ድሉን ያገኘው በራሱ ፋብሪካ ቡድን አልነበረም፤ በ1960 ሞናኮ ላይ በዎከር ቀለም፣ በሞስ እጅ ነው። በዓመቱ እዚያው ሞናኮ ሞስ እንደገና ተሰለፈ። ፌራሪ እጅግ ብርቱ የሆነ አዲስ ሞተር ይዞ መጥቷል። ውድድሩ ሊጀመር ሲል የሎተሷ ቴላዮ ላይ ስንጥቅ ታየ። አልፍ ፍራንሲስ በቤንዚን የተሞላውን ታንከር በእርጥብ ጨርቅ ሸፋፍኖ እዚያው መነሻው ላይ በየደው። ሞስ ሙቀቱን ለመቋቋም የጎን ላሜራዎቿን አስወልቆ መቶ ዙር ነዳ፤ ፌራሪዎቹን ሁሉ ከኋላው አስቀርቶ ገባ።

ዛሬ ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ዓይናቸው የሚበራው ለዚህ ነው። ብልሃት፣ የብየዳ እሳትና አንድ ድንቅ ነጂ ፋብሪካን የሚያሸንፉበት ጊዜ ነበር።

ያንን ዘመን ያራዘመው አንድ ሞተር ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ የሎተሱ ኮሊን ቻፕማን ፎርድን አሳምኖ 100,000 ፓውንድ አስወጣ፤ ኪት ዳክዎርዝ የሚባል መሐንዲስ በዚያ ገንዘብ ስምንት ሲሊንደር ያለው ኮስዎርዝ ዲኤፍቪ የተባለ ሞተር ነደፈ። ሞተሩ በጁን 1967 ዛንድቮርት ላይ፣ በመጀመሪያ ውድድሩ፣ በሎተሱ ነጂ በጂም ክላርክ እጅ አሸነፈ። በዚህ ቢቆም ኖሮ ከሎተስ ድሎች እንደ አንዱ ተቆጥሮ ይረሳ ነበር። ከ1968 ጀምሮ ግን 7,500 ፓውንድ ላለው ሁሉ ይሸጥ ጀመር። ካምቢዮውን ሂውላንድ ከሚባል ኩባንያ መግዛት ይቻላል። የቀረውን ቴላዮ ጥሩ በያጅና ጥሩ ነዳፊ ያለው ሰው ይሠራዋል። የዚህ ሞተር ቤተሰብ 155 ግራንድ ፕሪ አሸንፏል፤ አሸናፊዎቹም ጥቂት አልነበሩም።

ከሞተሩ ገዢዎች አንዱ ኬን ቲረል ነበር። ቲረል የእንጨት ነጋዴ ነው። ሳሪ ውስጥ ኦክሃም በምትባል መንደር፣ እንጨት ከሚከመርበት ግቢው ባለች የእንጨት ቤት ውስጥ የእሽቅድምድም መኪና ያዘጋጅ ነበር። ስኮትላንዳዊውን ጃኪ ስቱዋርትን ይዞ በ1969 በፈረንሳይ በተሠራ ማትራ መኪና የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ማትራ የራሴን ሞተር ካልተጠቀምክ ሲለው እምቢ አለ። ዴሪክ ጋርድነር የሚባል መሐንዲስ አስጠርቶ በምስጢር መኪና አስነደፈ። በ1971 ስቱዋርት በራሱ በቲረል ስም በተሰየመች መኪና ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1973 ደገመው። ኤልፍ የተባለው የፈረንሳይ ነዳጅ ኩባንያ ወጪውን ይጋራ እንደነበር እውነት ነው። ዓለምን ያሸነፈችው መኪና የወጣችው ግን ከዚያች የእንጨት ቤት ነው።

ሌላው ሎርድ አሌክሳንደር ሄስኬት ነው። የ20ዎቹ ዕድሜ ባላባት ነበር። በሲልቨርስቶን አቅራቢያ በቤተሰቡ ርስት ያለውን የፈረስ ጋጣ የመኪና ወርክሾፕ አደረገው። ነጭ መኪናው ላይ የማንም ድርጅት ማስታወቂያ አልነበረም። ሰውየው በድግስና በሻምፓኝ ስለሚታወቅ ብዙዎች ቡድኑን የቀልድ አድርገው ቆጠሩት። ሃርቪ ፖስልዌይት የነደፈው ሄስኬት 308 ግን ቀልድ አልነበረም። በጁን 1975 ዛንድቮርት ላይ ዝናብ አባርቶ መንገዱ መድረቅ ሲጀምር፣ የሄስኬት ነጂ ጄምስ ሃንት ከሌሎቹ ቀድሞ የደረቅ ጎማ አስቀየረና መሪነቱን ያዘ። በዚያ ዓመት ሻምፒዮን የሆነው ኒኪ ላውዳ በፌራሪ እስከ መጨረሻው ቢያሳድደውም ሊያልፈው አልቻለም። ወራት ሳይቆይ የሄስኬት ገንዘብ አለቀ። ሃንት ወደ ማክላረን ሄዶ በ1976 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

ናፍቆት ግን የሚጎመዝዘውን ማስረሳት ይወዳል።

ፍራንክ ዊሊያምስ በ1969 ወዳጁን ፒርስ ካሬጅን በተገዛ ብራብሃም አሰልፎ በሞናኮና በአሜሪካ ሁለተኛ ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት ካሬጅ ዛንድቮርት ላይ መኪናው ተጋጭታ ስትነድ ሞተ። ዊሊያምስ ከዚያ በኋላ ለዓመታት በዕዳ ኖረ፤ የቢሮው ስልክ ሳይከፈል ቀርቶ ሲቆረጥ ሥራውን ከመንገድ ዳር የሕዝብ ስልክ ያካሂድ ነበር። ዎከርም ሐዘን አላጣውም። በ1962 ሜክሲኮ ላይ የ20 ዓመቱ ሪካርዶ ሮድሪጌዝ በዎከር ሎተስ ልምምድ ላይ እያለ ሞተ። በ1968 ደግሞ አዲስ የተገዛች ሎተስ በልምምድ ከተጋጨች በኋላ ዶርኪንግ ውስጥ ነዳጇ ሲቀዳ እሳት ተነሥቶ ወርክሾፑን በላው። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ስዊዘርላንዳዊው ጆ ሲፈርት ገና ከፋብሪካ በመጣች ሌላ ሎተስ ብራንድስ ሃች ላይ የብሪታንያን ግራንድ ፕሪ ለዎከር አሸነፈለት። ያ በሙሉ ትርጉሙ የግል የሆነ፣ መኪና ገዝቶ የሚወዳደር ቡድን በፎርሙላ ዋን ያገኘው የመጨረሻ ድል ተደርጎ ይጠቀሳል።

ለእንዲህ ያሉ ቡድኖች በሩ የተዘጋው በአንድ ቀን አይደለም። በዚያው 1968 የሲጋራ ኩባንያዎች ቀለም በመኪኖቹ ላይ ታየ፤ ገንዘቡ ሲጨምር የመወዳደሪያው ዋጋም አብሮ ናረ። በ1977 ሬኖ ቱርቦ ሞተር ይዞ ሲመጣ በ7,500 ፓውንድ የሚገዛው ሞተር ዘመን ማክተሙ ጀመረ። በ1981 የተፈረመው የኮንኮርድ ስምምነት ደግሞ እያንዳንዱ ቡድን መኪናውን ራሱ እንዲሠራ ግድ አለ። እንደ ዎከር ገዝቶ መምጣት በሕግ ቀረ።

ሆኖም ፈላጊው አላነሰም። በ1989 ለ26 መነሻ ቦታ 39 መኪኖች ተመዝግበው ነበር። ከእነዚህ 13ቱ ዓርብ ጠዋት በማለዳ ለቅድመ ማጣሪያ ይወጣሉ፤ አራቱ ብቻ ያልፋሉ። የቀሩት ተመልካች ሳይገባ ዕቃቸውን ጭነው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ይህ ጭካኔ ነበር ማለት ይቻላል። ግን ዕድል ነበር፤ ሰው መጥቶ ሞክሮ ይወድቅ ነበር።

ከዚያ ዘመን በጣም የተወደደው ሚናርዲ ነው። ቤተሰቡ የፊያት መኪና አከፋፋይ የሆነው ጂያንካርሎ ሚናርዲ፣ ፋየንዛ በምትባል የጣሊያን ከተማ ቡድኑን አቁሞ በ1985 ወደ ፎርሙላ ዋን አስገባው፤ ቡድኑም እስከ 2005 ቆየ። በ340 ውድድሮች ያገኘው ነጥብ 38 ብቻ ነው፤ አንድም ጊዜ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ካሉት ጋር መድረክ ላይ አልቆመም። በ1999 ኑርቡርግሪንግ ላይ ሉካ ባዶየር አራተኛ ሆኖ እየነዳ፣ 13 ዙር ሲቀረው ካምቢዮው ተሰበረ። ከመኪናው ወርዶ ጎኗ ተንበርክኮ አለቀሰ። ያን ቀን ጓደኛው ማርክ ጄኔ ስድስተኛ ገብቶ አንድ ነጥብ አመጣ፤ ባዶየር ግን በፎርሙላ ዋን ዘመኑ ሁሉ አንድም ነጥብ ሳያገኝ ቀረ። ያን ውድድር ማን እንዳሸነፈው የረሱ ብዙዎች የባዶየርን እንባ አይረሱም።

የሚናርዲ ትልቁ ፍሬ ግን በነጥብ አይለካም። ፈርናንዶ አሎንሶ በ2001 የመጀመሪያ ውድድሩን ያካሄደው በሚናርዲ ነው፤ ማርክ ዌበርም በዓመቱ። አይርተን ሴና የጀመረው ቶልማን በተባለ፣ ባለቤቱ የመኪና ማጓጓዣ ድርጅት በነበረው ቡድን ሲሆን፣ በ1984 በሞናኮ ዝናብ ሁለተኛ ወጥቶ ዓለምን አስደነቀ። ሚካኤል ሹማከርን በ1991 ያስጀመረው የቀድሞው የባንክ ጸሐፊ የኤዲ ጆርዳን ቡድን ነው፤ ያኔ ቡድኑ ራሱ በፎርሙላ ዋን ገና የመጀመሪያ ዓመቱ ነበር። ኪሚ ራይኮነን በ2001 በሳውበር ጀመረ። ትንንሾቹ ቡድኖች ማንም የማያውቀውን ወጣት የሚያስጠጉት የሚያጡት ነገር ስላልነበራቸው ነው። የእነሱ ድህነት ለስፖርቱ ትምህርት ቤት ሆነ።

በሩን ዳግም ለመክፈት የተሞከረው በ2010 ነው። ወጪ በ40 ሚሊዮን ፓውንድ ይገደባል ተብሎ ሦስት አዳዲስ ቡድኖች ገቡ። ገደቡ ሳይመጣ ቀረ፤ እነሱ ግን ገብተዋል። ኤችአርቲ በ2012 ጠፋ። ካተርሃም በ2014 ገንዘብ ጨርሶ የመጨረሻውን የአቡ ዳቢ ውድድር የሄደው ደጋፊዎች አዋጥተው ነው። ማሩሲያ በዚያ ዓመት በጁል ቢያንኪ አማካይነት ሞናኮ ላይ ሁለት ነጥብ አገኘ፤ ቢያንኪ ግን በኦክቶበር ሱዙካ ላይ ከደረሰበት አደጋ ሳይነቃ በዓመቱ ሞተ። የወጪ ገደብ በእርግጥ የመጣው በ2021 ነው፤ መጠኑም 145 ሚሊዮን ዶላር። በዚያው ጊዜ በሥራ ላይ የዋለው ስምምነት አዲስ የሚገባ ቡድን ለነባሮቹ 200 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ይጠይቅ ነበር። ገደቡ ያሉትን ቡድኖች ከመክሰር አዳነ፤ ክፍያው ግን እንደ ቲረል ያለ የእንጨት ነጋዴን ገና ከደጅ ይመልሰዋል።

ስለዚህ የሚናፈቀው ቀርፋፋ መኪና ወይም ያልተከፈለ ዕዳ አይደለም። ሞቱም አይደለም፤ ያኔ የተለመደው የሰው ሕይወት ዋጋ ዛሬ አለመከፈሉ ከሁሉ የሚበልጥ ድል ነው። የሚናፈቀው፣ ችሎታ ያለው ሰው ያጠራቀመውን ይዞ ታላላቆቹ ከሚሰለፉበት መስመር ላይ መቆም መቻሉ ነው። ይህ ሲጠፋ ስፖርቱ ያጣው ስሜት ብቻ አይደለም፤ ሞተርን ከኋላ የማድረግን ዓይነት ደፋር ሐሳብ የሚሞክርበትን ቦታም ነው። ያን ሐሳብ በዓለም ሻምፒዮናው ለድል ያበቁት ትልልቆቹ አልነበሩም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን ፌራሪን ጨምሮ ሁሉም ሞተሩን ወደ ኋላ አዞረ።

ዛሬ ባሉት ቡድኖች ውስጥ የእነዚያ አጥንት ተቀብሯል። ሚናርዲ ለሬድ ቡል ተሸጦ ቶሮ ሮሶ ሲሆን፣ በ2008 ሰባስቲያን ቬተል ሞንዛ ላይ አሸነፈበት፤ ቡድኑ አሁንም መሠረቱ ፋየንዛ ነው። የቶልማን ወራሽ አልፒን፣ የሳውበር ወራሽ አውዲ ነው። የጆርዳን ቡድን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቶ አስቶን ማርቲን ሆኗል፤ በሚናርዲ የጀመረው አሎንሶ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ መንዳት የያዘው ለእሱ ነው። ዊሊያምስ ዘጠኝ የቡድን ሻምፒዮና ካሸነፈ በኋላ በ2020 ከቤተሰቡ እጅ ወጣ። ቲረልም በ1998 የመጨረሻ ውድድሩን አደረገ፤ የመወዳደሪያ ቦታው ከገዢ ወደ ገዢ ሲተላለፍ ቆይቶ መርሴዲስ ዘንድ ደረሰ።

የኦክሃሟ የእንጨት ቤት ግን አልፈረሰችም። ተነቅላ ወደ ጉድዉድ የእሽቅድምድም ሜዳ ተወስዳ እንደገና ቆማለች። ሦስት የዓለም ሻምፒዮናዎች የተዘጋጁት በዚህ ግድግዳ መካከል መሆኑን የሚሰማ ጎብኚ፣ በሩ ላይ ቆም ብሎ ስፋቷን በዓይኑ ይለካል። ጥቂት መኪኖች ካስገቡባት ሰው መቆሚያ አያገኝም።