ደንገል ውሃ ሲሸሸው
(በራዲዮ የተነገረ)

በዶሎ ኦዶ የገናሌንና የዳዋን መገናኛ ያየ ሰው የጣናን ዳር ቢያይ፣ የውሃ ዳር ሁሉ አንድ ዐይነት አለመሆኑን በቶሎ ይረዳል። ሁለቱ ወንዞች ጁባ ተብለው ወደ ሶማሊያ ከመዝለቃቸው በፊት፣ በደጋው እንደ ዘነበው ዝናብ መጠን በድንገት ይሞላሉ፤ መልሰውም ይጎድላሉ። ጎርፍ አፈሩን ሲጠርገው ለረግረግ ተክል አይመችም። ጣና ግን ቀስ ብሎ ይሞላል፤ ቀስ ብሎም ይጎድላል። ደንገል የሚወደውም ይህንኑ ነው።

የደንገል ሥር በጭቃ ውስጥ እየተጋደመ ይሄዳል። ውሃ በጠገበ ጭቃ ውስጥ አየር እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ተክሉ በአገዳው ውስጥ ባሉት ክፍት ቦታዎች አየርን ከላይ ወደ ሥሩ ያወርዳል። ታንኳው በውሃ ላይ የሚንሳፈፈውም አገዳው በዚሁ አየር የተሞላ በመሆኑ ነው። የጎለመሰ ደንገል ውሃ ቢጨምርበት ሥሩ ተንሳፍፎ አብሮ ከፍ ሊል ይችላል፤ ከዘር የሚወጣው ቡቃያ ግን እርጥብ ጭቃ እንጂ ጥልቅ ውሃ አይችልም። ጭቃው ጨርሶ ሲደርቅም ይጠወልጋል።

ጣና በመስከረምና በጥቅምት ይሞላል፤ በሰኔ ይጎድላል። ጥልቀቱ 15 ሜትር ያህል ብቻ፣ ዳርቻውም በብዙ ስፍራ ለጥ ያለ ስለሆነ፣ ውሃው በጥቂቱ ሲወርድ ብዙ መሬት ይገለጣል። በ1988 ዓመተ ምሕረት ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ የውሃ መቆጣጠሪያ ግድብ ተሠራ። በ1995 ዓመተ ምሕረት የዝናብ ማነስና ለኤሌክትሪክ ኀይል የተለቀቀው ውሃ ተደምረው ሐይቁን እጅግ ስላጎደሉት፣ የጀልባ ጉዞ ተስተጓጎለ። በ2002 ዓመተ ምሕረት ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ሥራ ጀመረ።

የተገለጠውን መሬት ገበሬው አረሰው፤ ከብትም ገባበት። ገበሬውን መንቀፍ ቀላል ነው፤ ነገር ግን እርጥብና ለም አፈር ደጁ ድረስ ሲመጣለት ምን ያድርግ? ኑሯቸውን በደንገል የመሠረቱት ወይጦዎች ግን ሲሳያቸው እየራቀባቸው ሄደ። ከማሳው የሚወርደውን ደለል ያጣራ የነበረው ደንገል በሳሳበት ስፍራ፣ ደለሉ ያለ ከልካይ ወደ ሐይቁ ይገባል።

እምቦጭ በጣና የታየው በ2004 ዓመተ ምሕረት ነው። ይህ አረም ተንሳፋፊ ስለሆነ የውሃው መውጣትና መውረድ እንደ ደንገል አያስጨንቀውም። ዘሩም በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይበሰብስ ይቆያል፤ ውሃው ሸሽቶ እርጥቡ ጭቃ ፀሐይ ሲያገኝም ይበቅላል።