የአሮጌ አውቶሞቢል መሪ አልፎ አልፎ ስለ መንቀጥቀጡ

ለእርሻ ሥራ ወደ ገጠር የሚወጣ አሮጌ አውቶሞቢል መሪው አንዳንድ ጊዜ ሲንቀጠቀጥ፥ ሌላ ጊዜ ደኅና ሆኖ ሲሄድ ይታያል። ጠፍቶ የሚመለስ ነገር ስለ ሆነ ባለቤቱ ቸል ይለዋል፤ ወይም ሳያስመረምር ዕቃ ይገዛል። ሁለቱም ጉዳት ነው። ስለዚህ ሾፌሩ መሪው በምን ፍጥነት፥ በምን መንገድ፥ ፍሬን ተይዞ ወይስ ሳይያዝ እንደ ተንቀጠቀጠ ጽፎ ለመካኒኩ እንዲሰጥ ማዘዝ ይገባል።

በሰዓት ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ብቻ የሚንቀጠቀጥ እንደ ሆነ፥ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የፊት ጎማዎች ሚዛን መዛባት ነው። በክረምት ከቸርኬው ውስጥ ተጣብቆ የደረቀ ጭቃ እንኳ ይህን ያደርጋል፤ ጭቃው ሲረግፍ መንቀጥቀጡም ይቀራል። ስለዚህ አስቀድሞ ቸርኬውን ከውስጥ ማጠብ፥ ዳዶዎቹንም ማጥበቅ ነው። ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚሆን ከሆነ የፊት ፍሬን ዲስክ ወይም ታምቡር ይመርመር።

ጉድጓድ ከመታ በኋላ በድንገት የሚነሣው ከሁሉ ይከፋል፤ የተበላ መጋጠሚያ መኖሩን ሊያመለክት ይችላልና። ይህም እንዲታወቅ የኋላ ጎማዎች በድንጋይ ይታገዱ፤ የፊቱ በክሪክ ተነሥቶ በጽኑ ድጋፍ ላይ ይቀመጥ። ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ሲነቀነቅ ላልቶ ቢገኝ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥ። ልልነቱ የጠፋ እንደ ሆነ ጉዳቱ ከኩሽኔታው፥ ያልጠፋ እንደ ሆነ ከመጋጠሚያው ነው። ከግራና ከቀኝ ሲያዝ ብቻ የሚነቃነቅ ከሆነ ደግሞ የመሪው ዘንጎች ጫፍ ተበልቷል።

መጋጠሚያው በጉዞ ላይ ቢለያይ መሪው ጎማውን ሊያዝ አይችልም። ስለዚህ እንዲህ ያለው አውቶሞቢል ሳይታደስ ሰው እንዳይጫንበት መከልከል የኀላፊው ግዴታ ነው።