የባሕር በረዶ ስንት ስም አለው?

አንድ ገበሬ ከገበያ ተመልሶ «ከብት ገዛሁ» ቢል ጎረቤቱ በዚህ አይረካም። ጥጃ ነው? ወይፈን ነው? ጊደር ናት? ወይስ የደረሰ በሬ? ብሎ ይጠይቀዋል። ወይፈኑን በሬ ነው ብሎ መቀናጆ የተዋዋለ ሰው፣ እርሻ ሲደርስ ባልንጀራውን ጉድ ይሠራዋል። የስሙ ልዩነት የሥራም ልዩነት ነው ማለት ነው።

ለበረዶ ግን ይህን ያህል ስም አላወጣንለትም። ከሰማይ ወርዶ ሰብል የሚመታውም በረዶ ነው፤ በሰሜን ተራሮች አናት ላይ አልፎ አልፎ የሚነጣውም በረዶ ነው። ውርጭና አመዳይ ብንጨምርበት ቃላችን እዚያው ላይ ያልቃል። ይህ ነውር አይደለም፤ ከዚያ በላይ አላስፈለገንም።

በምድራችን ሰሜናዊ ጫፍ ግን አርክቲክ የሚባል ውቅያኖስ አለ። በዚያ አገር የብርድ ወራት ሲገባ ባሕሩ ራሱ ይረጋል። ኢኑይት የሚባሉት የዚያ አገር ሰዎች በረጋው ባሕር ላይ በእግራቸው ይሄዳሉ፤ ውሻ በሚጎትተው መንሸራተቻ ይጓዛሉ፤ ያድናሉ። እግራቸውን የት እንደሚያሳርፉ ካላወቁ ይሰምጣሉ።

ባሕር እንዴት ይረጋል? የባሕር ውኃ በአንድ ሊትር ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለበት። ጨው የሌለበት ውኃ በ0 ዲግሪ ይረጋል፤ የባሕር ውኃ ግን ከ0 በታች 1.8 ዲግሪ ያህል እስኪወርድ ድረስ አይረጋም። በመጀመሪያ እንደ መርፌ የቀጠኑ ቅንጣቶች ይንሳፈፋሉ። ይህ ፍራዚል ይባላል። ቅንጣቶቹ ሲሰበሰቡ የባሕሩ ፊት በቀዘቀዘ ወጥ ላይ እንደረጋ ስብ ይሆናል፤ ባሕረኞቹም «የስብ በረዶ» ይሉታል።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ሁለት ነው። ባሕሩ ጸጥ ካለ ስስ ንጣፍ ይሠራል። ይህ ኒላስ ይባላል፤ ቃሉ የሩስያ ነው። ውፍረቱ ከ10 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ማዕበል ከሥሩ ሲያልፍ ሳይሰበር ይለመጣል። ባሕሩ ከተናወጠ ግን በረዶው ክብ ክብ ይሆናል፤ እርስ በርሱ እየተጋጨም ጠርዙ ወደ ላይ ይነሣል። ይህንን ፈረንጆች «ቂጣ በረዶ» ይሉታል። እኛ ሰይመነው ቢሆን ኖሮ እንጀራ እንለው ነበር፤ ትልቁ ግን እስከ 3 ሜትር ስለሚሰፋ ምጣድ አይገኝለትም!

ቀጥሎ የሚመጣው ስም በዕድሜ ነው። ውፍረቱ ከ10 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነው «ወጣት በረዶ» ይባላል። ከዚያ በላይ ወፍሮ ገና አንድ የብርድ ወራት ብቻ ያየው «የአንድ ዓመት በረዶ» ነው። ቢያንስ ሁለት የሙቀት ወራት ሳይቀልጥ ያሳለፈው ደግሞ «የብዙ ዓመት በረዶ» ነው። ጥጃ፣ ወይፈን፣ በሬ እንደማለት ነው።

ልዩነቱ የስም ብቻ እንዳይመስላችሁ። በረዶው ሲያረጅ ጨዉ ዓመት ከዓመት ወደ ታች እየተንጠባጠበ ይወጣል። ስለዚህ አሮጌው በረዶ ቀልጦ ይጠጣል፤ አዲሱ ግን ጨው ጨው ይላል። አሮጌው ጠንካራም ነው። የአንድ ዓመቱን በረዶ ሰብሮ የሚያልፍ መርከብ አሮጌው ሊቀደው ይችላል። እንግዲህ አንዱ መርከበኛ «አሮጌ» ብሎ ሲያስጠነቅቅ ሌላው በሌላ ትርጉም ቢሰማው፣ ጥፋቱ የሰው ነፍስ ነው። ለዚህም ሲባል የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት በፈረንጅ አቆጣጠር በ1970 ስሞቹን ከነትርጉማቸው በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በሩስያኛና በስፓኝኛ አሳተመ።

ታዲያ ያን ሁሉ በረዶ ማን ዞሮ ያየዋል? በብርድ ወራት እዚያ ፀሐይ ለረጅም ጊዜ አትወጣም፤ ደመናም አለ። ፎቶግራፍ አይነሣም። መላው የተገኘው በሬዲዮ ነው፤ ከዋክብትን ከሚያጠኑት ሰዎች ዘዴ ጋርም ዘመድ ነው።

ሬዲዮ ስትከፍቱ በጣቢያና በጣቢያ መካከል «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ አይደል? ካርል ጃንስኪ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በስልክ ኩባንያ ውስጥ የተሰጠው ሥራ ይህን መሰል ረብሻ ከየት እንደሚመጣ መመርመር ነበር። አንዳንዱን መብረቅ ያመጣዋል። አንዱ ሽሽታ ግን በየ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃው ይመላለሳል። ፀሐይ ወደ ቦታዋ ለመመለስ 24 ሰዓት ትፈጃለች፤ በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ የሚመለሱት ከዋክብት ናቸው። ስለዚህ ጃንስኪ በ1933 ድምፁ የሚመጣው በጠራ ሌሊት ሰማዩን አቋርጦ ከሚታየው ነጭ መንገድ፣ ከፍኖተ ሐሊብ፣ መሆኑን አስታወቀ። የሬዲዮ ሥነ ፈለክ የሚባለው ትምህርት የተጀመረው እንዲህ ነው። ከሰማይ የሚመጣው የሬዲዮ ኃይል መለኪያም በስሙ «ጃንስኪ» ተባለ።

ሰማዩ ብቻም አይደለም። ድንጋዩም፣ ውኃውም፣ በረዶውም፣ የሰው ገላም ሳይቀር ደካማ የሬዲዮ ሞገድ ይልካል። ይህ ሞገድ ጨለማና ደመና አያግደውም። ሰማይ የሚያጠኑትም በረዶ የሚያጠኑትም የሞገዱን ኃይል በሙቀት ዲግሪ ይናገሩታል፤ በአማርኛ «የድምቀት ሙቀት» ብንለው ይሆናል።

እዚህ ላይ ግን ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ቃሉን እንደ ሰፈር ቃል የወሰደ ሰው ይሳሳታል። የበረዶው ፊት ከ0 በታች 20 ወይም 30 ዲግሪ ሊሆን ይችላል፤ ያልረጋው ባሕር ከሱ ይሻላል። በሬዲዮ ሲለካ ግን በረዶው «ሞቃት»፣ ባሕሩ «ቀዝቃዛ» ሆኖ ይገኛል። ምክንያቱም ውኃ እንደ መስተዋት ነው፤ የሌላውን ይመልሳል እንጂ ከራሱ የሚልከው ጥቂት ነው። በረዶ ግን ከራሱ ብዙ ይልካል። ሳተላይት ባሕሩን ከበረዶው የሚለየው በዚህ ነው። አሮጌው በረዶም ጨዉ በወጣበት ቦታ የአየር ቀዳዳ ስላለው ሞገዱን ይበትናል፤ ወይፈኑ ከበሬው ይለያል።

በ1978 ኒምበስ 7 የተባለው ሳተላይት ከመጠቀ ወዲህ ልኬቱ ሳይቋረጥ ቆይቷል። በረዶው በዓመት ውስጥ እጅግ የሚያንሰው በመስከረም መጀመሪያ ገደማ ነው። በ1979 በዚያ ወቅት የቀረው 7 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በ2012 ግን፣ ማለትም በኛ በ2005፣ 3.4 ሚሊዮን ያህል ብቻ ቀረ፤ የአገራችን ስፋት ሦስት እጥፍ ቢሆን ነው። ከሁሉ ይበልጥ የቀነሰውም አሮጌው ነው። ዛሬ በዚያ ባሕር ላይ በብርድ ወራት የሚታየው በረዶ አብዛኛው የአንድ ዓመት ነው።