የሶማሌ ባሕር ቅዝቃዜ ከሕዋ ሲለካ

በሐምሌና በነሐሴ፣ ዓባይ ደለሉን ተሸክሞ በሚሞላበትና የደጋው ሰው ጋቢውን በሚደርብበት ወራት፣ የሶማሌ ምሥራቃዊ ጠረፍ ዝናብ አጥቶ በፀሐይና በነፋስ ይደርቃል። በዚሁ ጠረፍ ከሚገኘው ከራስ ሐፉን ፊት ለፊት ያለው የሕንድ ውቅያኖስ ግን፣ በግንቦት ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተጠግቶ የነበረው፣ ለምድር ወገብ የቀረበ ሆኖ ሳለ ከ20 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ይህን በመጀመሪያ የሰማ ሰው ብርዱ ከወዴት መጣ ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም፤ በዙሪያው በረዶ የለም፣ ከደጋ የሚወርድ ታላቅ ወንዝም የለም። ብርዱ የሚመጣው ከታች፣ የፀሐይ ብርሃን እየመነመነ ከሚሄድበት ቀላይ ነው።

ምክንያቱ ነፋስ ነው። ለእኛ ክረምት የሚሆነው ወራት በዚያ የደቡብ ምዕራብ ነፋስ የሚበረታበት ሲሆን፣ ይህ ነፋስ፣ ከቀይ ባሕር ወደ ሕንድ የሚሻገሩ የጥንት መርከበኞች ይጠብቁት የነበረው፣ የአፍሪቃን ምድር በስተግራው አድርጎ ጠረፉን እየተከተለ ይነፍሳል። ውሃውም ነፋሱ በሄደበት የሚሄድ ይመስላል፤ ነገር ግን ኖርዌያዊው ፍሪትዮፍ ናንሰን ፍራም በተባለችው መርከብ በሰሜን ዋልታ ባሕር ሲንሳፈፍ በረዶው ከነፋሱ አቅጣጫ ወደ ቀኝ እያዘነበለ እንደሚጓዝ አየ፤ ስዊድናዊው ቫግን ቫልፍሪድ ኤክማንም ነገሩን በሒሳብ መርምሮ በ1905 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)፣ ምድር በዛቢያዋ ላይ በመዞሯ የተነሣ፣ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በነፋስ የሚነዳው የላይኛው ውሃ የጉዞው ድምር ከነፋሱ በስተቀኝ በቀጥተኛ ማዕዘን እንደሚሆን አስረዳ። በሶማሌ ጠረፍ ደግሞ የነፋሱ ቀኝ ክፍቱ ውቅያኖስ ነውና፣ ሞቃቱ የላይኛው ውሃ ከዳር እየተገፋ ይርቃል፣ በስፍራውም ቀዝቃዛው የታችኛው ውሃ ናይትሬቱንና ፎስፌቱን ይዞ ሽቅብ ይወጣል፤ ይህም ፍልቀት ይባላል። በዚህ ሲሳይ በዓይን የማይታዩት የባሕር ዕፀዋት ይበዛሉ፣ ዓሣውም ይከተላቸዋል።

ይህን ሁሉ በመርከብ ለመመርመር የተነሡ ሊቃውንት አልጠፉም፤ በ1964 ዲስከቨሪ የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ ብዙ መንግሥታት በተባበሩበት በሕንድ ውቅያኖስ ታላቅ ጥናት ውስጥ ገብታ፣ ነፋሱ በበረታበት ወራት ጅረቱንና ቅዝቃዜውን ለክታለች። የመርከብ ልኬት የታመነ ቢሆንም ዘገምተኛ ነው፤ ጅረቱ በሰከንድ ከ2 ሜትር በላይ በሚሮጥበት ባሕር፣ መርከቢቱ የጠረፉን ጫፍ እስክትደርስ ድረስ በመነሻዋ የለካችው ውሃ ሌላ ስፍራ ደርሷል። የባሕሩን ገጽ በአንድ ጊዜ ለማየት ከባሕሩ መራቅ ግድ ሆነ።

ከምድር 800 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍ ብለው የሚዞሩት ሳተላይቶች ባሕሩን ሳይነኩ ሙቀቱን የሚያውቁት፣ ማናቸውም ነገር እንደ ሙቀቱ መጠን ለዓይን የማይታይ የኢንፍራሬድ ጨረር ስለሚያወጣ ነው። ጨረሩ ወደ ሳተላይቱ ሲወጣ በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት ከፊሉን ስለሚያስቀርበት፣ ከ1981 ወዲህ የመጠቁት መሣሪያዎች 11 እና 12 ማይክሮሜትር ገደማ በሆኑ ሁለት የሞገድ ርዝመቶች ይለካሉ፤ እርጥበቱ ሁለቱን እኩል አይነካምና፣ ከልዩነታቸው ምን ያህል እንደጎደለ ይሰላል። ብልሃቱ ያማረ ነው። ሆኖም የሚለካው ከጠጉር ውፍረት እንኳ የሚያንሰው የውሃው ቆዳ ብቻ ስለሆነ፣ በተንሳፋፊ መሣሪያዎች ከሚገኘው የውሃ ሙቀት ጋር ዘወትር መመሳከር አለበት።

በዚህ መንገድ የተሠሩት ሥዕሎች የመርከብ ሰው በቁርጥራጭ ያየውን በሙሉ አሳዩ። በ5ኛውና በ10ኛው ዲግሪ ሰሜን መካከል በየክረምቱ የሚነሣ፣ ወርዱ በመቶ ኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር ታላቅ አዙሪት አለ፤ ቀዝቃዛውን ውሃ ከጠረፉ እየጎተተ በሰሜኑ ዳርቻው እንደ ምላስ ወደ ሶቆጥራ ደሴት አቅጣጫ ያወጣዋል፤ ከአዙሪቱ በስተደቡብ ደግሞ ሌላ የቅዝቃዜ ምላስ ወደ ውቅያኖሱ ይወጣል። በ1979 የተነሡት ሥዕሎች ደቡባዊው የቅዝቃዜ ምላስ በክረምቱ ማለቂያ ወደ ሰሜን ገስግሶ ከሰሜናዊው ጋር ሲቀላቀል አሳይተዋል፤ በጥቂት መርከቦች ይህን ማየት ባልተቻለ ነበር።

ነገር ግን ቀዝቃዛ ውሃ ሁሉ ከቀላይ የወጣ አይደለም። ብርቱ ነፋስ ውሃውን እያተነነ፣ የላይኛውንም ከታችኛው እያደባለቀ፣ ሽቅብ የሚወጣ ውሃ በሌለበት ስፍራ እንኳ ሙቀቱን ይቀንሳል። ስለዚህ አጥኚው የጠረፉን ሙቀት ብቻውን አይወስድም፤ በዚያው ኬክሮስ ከጠረፍ ርቆ ካለው ውሃ ጋር አነጻጽሮ፣ ነፋሱ በሁለቱም ላይ ያመጣውን ብርድ ከሞላ ጎደል ከሒሳቡ ያወጣል፣ የቀረውንም ልዩነት የፍልቀቱ ምልክት ያደርገዋል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ደመና ነው። ኢንፍራሬድ ደመናን አያልፍም፤ ቅዝቃዜው ራሱ ደግሞ ደመናና ጉም ይስባል። ጎረቤቱ የዖማን ጠረፍ በተመሳሳይ ነፋስ እየቀዘቀዘ የሰላላን ከተማ በጉምና በካፊያ የሚሸፍናት፣ ተራሮቿንም በእነዚሁ ወራት የሚያለመልማቸው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለነዋሪው በረከት የሆነው ጉም ለሳተላይቱ መጋረጃ ነው። ይባስ ብሎ፣ ደመናን ለይቶ እንዲያወጣ የታዘዘው ኮምፒዩተር በድንገት የቀዘቀዘ ውሃ ባየ ጊዜ ደመና መስሎት ሊጥለው ይችላል፤ ያን ጊዜ ከሥዕሉ የሚጠፋው የሚፈለገው ነገር ራሱ ነው። ከ1997 መጨረሻ ወዲህ በሐሩር ባሕሮች ላይ የዞሩት የማይክሮዌቭ መሣሪያዎች ደመናን አልፈው በማየታቸው ታላቅ ዕርዳታ ሆነዋል፤ ሆኖም ዓይናቸው ሰፊ ነው፣ በአንድ እይታ በአሥር የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ጠቅልለው ይለካሉ፣ የብስም ሲቀርባቸው የመሬቱ ጨረር ስለሚቀላቀልባቸው ለጠረፉ የቀረበውን ውሃ መተው ይገባቸዋል። ፍልቀቱ የሚጀምረው ደግሞ በዚያው በሚተዉት ስፍራ ነው።

ያንን ስፍራ በጀልባ ሄዶ ለመለካትም አይመችም፤ የጠረፉ ዓሣ አጥማጆች በነፋሱ ወራት ጀልባቸውን ወደ የብስ ስበው ያቆያሉ። ስለዚህ ካርታ ሠሪው ጉድለቱን ከኢንፍራሬዱ ግልጥ ቀናትና ከአጎራባቹ ልኬት በግምት ይሞላዋል፤ ጠንቃቃው ካርታም ከእያንዳንዱ የሙቀት ቁጥር ጎን ግምቱ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል የሚናገር ሁለተኛ ቁጥር ያስቀምጣል።