ስሜት ይጋባል

በስፔን ሳን ፔድሮ ማንሪኬ በምትባል መንደር በየዓመቱ ሰኔ ላይ ሰዎች በባዶ እግራቸው ፍም ላይ ይራመዳሉ። ተመራማሪዎች የልብ ምታቸውን ለክተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2011 አሳተሙ። የተራማጁና ቆመው የሚያዩት ዘመድ ወዳጆቹ የልብ ምት አብሮ ይወጣና ይወርድ ነበር። የማያውቁት ተመልካቾች ልብ ግን እንዲህ አልተከተለውም።

ስሜት ይጋባል፤ ይበልጥ የሚጋባብን ደግሞ «የእኔ» ከምንለው ሰው ነው።

ለቅሶ ቤትን አስቡ። የእድሩ ድንኳን ተተክሏል፣ ንፍሮው ይዞራል፣ ጎረቤት ግድግዳ ተደግፎ ዝም ብሎ ያመሻል። ሐዘንተኛው በዚያ ሰዓት ምክር አይሰማም፤ ደግፎ የሚያቆየው አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ነው። በሥነ ልቦና ባለሙያነቴ ይህን ልማድ እንደ ትልቅ ሀብት አየዋለሁ።

ያው ኃይል ቁጣንም ያዛምታል። «እኛ» እና «እነሱ» ማለት ሲበረታ፣ ብቻችንን ሆነን የማናደርገውን በጋራ ልናደርግ እንችላለን።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ፦

✅ የሚያስቆጣ ነገር ስልካችሁ ላይ ሲመጣ፣ ከማጋራታችሁ በፊት ትንሽ ቆዩ። «ቁጣው የእኔ ነው ወይስ የተጋባብኝ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

✅ ሐዘን የደረሰበት ወዳጅ ካላችሁ፣ በመልእክት ብቻ አትለፉት። ሄዳችሁ አብራችሁት ተቀመጡ።