በሕንድ ባልትና የተሞላ ቃሪያ ለጾም ማዕድ

ለአበርገሌ ቆላ ቤተ ሰብ ከሀብቱ ሁሉ ዋነኛው ፍየል ነው፤ ሥጋውም ወተቱም ከዚያ ይገኛል። ጾም በገባ ጊዜ ግን ይህ ሁሉ ይቀርና ማዕዱን የሚሸከሙት እህል፥ ጥራጥሬና አትክልት ብቻ ይሆናሉ። የምእመናን የጾም ቀኖች በዓመት ወደ 180 ስለሚጠጉ፥ ነገሩ የዓመቱ እኩሌታ ጉዳይ ነው። ከሰባት ዓመት ጀምሮ መጾም የሚለምዱ ልጆችም በእነዚሁ ቀኖች አካላቸው ማደጉን አያቆምም። እንግዲህ የጾምን ምግብ በሚገባ ማሰናዳት ለቤት እመቤት ትልቅ ኀላፊነት ነው።

በዚህ ረገድ ከሕንድ አገር ሰዎች የምንማረው አለ። በዚያ አገር ሥጋ ሳይቀምሱ ዕድሜያቸውን የሚፈጽሙ ብዙ ሚሊዮን ሰዎች ስላሉ፥ ጥራጥሬንና አትክልትን አዋሕዶ ማጣፈጥ ከፍተኛ ሙያ ሆኖአል። ሕንዳውያን ለእኛ እንግዶች አይደሉም። የሕንድ ኦርቶዶክሳውያን በጥር ወር 1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የምሥራቅ ኦርቶዶክሳውያን አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ከአባቶቻችን ጋር ተቀምጠዋል። በዚያ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤት ካስተማሩት ሕንዳውያን መምህራንም ብዙዎቹ የእነዚሁ ክርስቲያኖች አገር ከሆነው ከኬረላ የመጡ ነበሩ።

«የባዕድ ወጥ ለምን?» የሚል ቢኖር፥ ቃሪያና በርበሬ ራሳቸው ከአሜሪካ ምድር የመጡ መሆናቸውን ያስብ። ወደ ሕንድም ያደረሱአቸው በ16ኛው መቶ ዓመት ፖርቱጋሎች ናቸው፤ ከዚያ በፊት ሕንዳውያን የሚያቃጥል ቅመም ሲሹ ቁንዶ በርበሬ ይጠቀሙ ነበር። ዛሬ ግን ያለ በርበሬ የእኛም የእነርሱም ወጥ አይታሰብም።

በምዕራብ ሕንድ፥ በጉጅራትና በራጃስታን፥ ቃሪያን በሽምብራ ዱቄት ሞልቶ ማብሰል የተለመደ ነው። የእኛ የቃሪያ ስንግ በጥሬ ሽንኩርትና በቲማቲም ይሞላል፤ የእነርሱ ግን ጥራጥሬ ስለሚገባበትና በእሳት ስለሚበስል ይበልጥ ያጠግባል። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው።

ትልልቅና ሥጋማ የሆኑ 10 ቃሪያዎች፥ 2 የቡና ስኒ የሽምብራ ዱቄት፥ 1 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ድንብላል፥ ግማሽ ማንኪያ እርድ፥ ግማሽ ማንኪያ ከሙን፥ 2 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፥ ግማሽ ሎሚ፥ ጨውና የኑግ ወይም የሰሊጥ ዘይት ይዘጋጃል። ሽምብራው ተቆልቶ የተፈጨ ከሆነ ዱቄቱን በምጣድ ማመስ አያስፈልግም፤ በጥሬው ከተፈጨ ግን ሽታው እስኪጣፍጥና ቀለሙ ጥቂት እስኪለወጥ በለሰለሰ እሳት ይታመሳል። ከዚያም ቅመሙ፥ የተወቀጠው ነጭ ሽንኩርት፥ ጨው፥ የሎሚው ጭማቂና 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይጨመርበታል፤ በእጅ ሲጨብጡት እስኪያያዝ ድረስ ውሃ ጠብ ጠብ ይደረግበታል።

ቃሪያው ከአንድ ወገን ብቻ በርዝመቱ ይሰነጠቅና ፍሬውና ነጩ ሥሩ ይወጣል፤ ማቃጠሉ በይበልጥ ያለው በዚህ ነጭ ክፍል ስለሆነ፥ ለልጆች ሲሆን ተጠርጎ ይውጣ። ይህን የሠራ እጅ በሳሙና ሳይታጠብ ዐይን አይንካ። ዱቄቱ ተሞልቶ ጥቂት ዘይት በጋለበት መጥበሻ ይደረደርና ተከድኖ በዝግታ ይበስላል፤ ቃሪያው እስኪለሰልስ ድረስ አልፎ አልፎ ይገላበጣል። እሳቱ ከበረታ ቆዳው ያርራል፥ ውስጡም ይደርቃል።

ከ100 ግራም ሽምብራ 20 ግራም ያህሉ ሰውነትን የሚገነባ ፕሮቲን ነው። ሎሚውና ቃሪያውም በጥራጥሬው ውስጥ ያለውን የብረት ማዕድን ሰውነት በተሻለ እንዲቀበለው ይረዳሉ። ቃሪያ በታጣ ጊዜ ከውስጡ የተፈለፈለ ድንች ወይም ጠንከር ያለ ቲማቲም በዚሁ ዱቄት ሊሞላ ይችላል።

ጾም የምላስ ድሎት መፈለጊያ እንዳልሆነ እናውቃለን። ነገር ግን በጓሮና በገበያ ከሚገኘው ጥቂት ነገር ለልጆች የሚበቃ ምግብ ማሰናዳት ድሎት አይደለም፤ ጾሙን በጤና እንዲፈጽሙ መርዳት ነው።